እትዬ የሺመቤትን ለመጠየቅ

ውብአለም ስንጥቁን የምትለካው ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው፤ ልጇ ሶስና ከመንቃቷ በፊት። ልብስ ሰፊ ስለሆነች ሜትሩ ከአንገቷ አይወርድም። አልጋውን ሳብ ታደርግና ከመስኮቱ ጥግ እስከ ወለሉ የወረደውን መስመር ሦስት ቦታ ላይ ትለካለች። ከዚያ ጨርቅ ላይ ምልክት በምታደርግበት ጠመኔ ቀኑንና ቁጥሩን ግድግዳው ላይ ትጽፋለች። መስከረም ላይ አራት ሚሊሜትር ነበር። ጥር ላይ ሰባት። ዛሬ፣ በ2094 ዓ.ም. መጋቢት አጋማሽ ላይ በዋለው ቅዳሜ፣ አሥራ አንድ ሆኗል። ባለፈው ሳምንት መታወቂያዋን ልትሞክር ብታስገባው ውስጥ ገብቶ ቀረ፤ በኪሮሽ ነው ያወጣችው።

«እማዬ፣ ስንት ሆነ?» አለች ሶስና ዓይኗን ሳትገልጥ።

«ያው ነው። ተኚ።»

«ሁለት ቁጥር» አለች ልጅቱ። ጥያቄ ሸሸሽ ማለቷ ነው። ዘጠኝ ዓመቷ ነው።

በብሎክ አሥራ አራት ቁጥሮቹን የማያውቅ የለም። በየደረጃው ማረፊያ፣ በአዳራሹና በግቢው በር ላይ አንድ አንድ የኔታ ተሰቅሏል። የፋብሪካ ስማቸው የአመክንዮ ተቆጣጣሪ ነው፤ ሰው በክርክር ሲሳሳት ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ ስለሚያርሙ ግን ከመጀመሪያው ሳምንት የኔታ ተባሉ፣ አንቱታውም አብሮ መጣ። ሣጥናቸው ከጫማ ካርቶን አይበልጥም። ሲሰሙ አረንጓዴ መብራት ይበራል።

እሳቸው ከመጡ ወዲህ በአደባባይ የተሰደበ ሰው የለም። ገበያ ላይ «ለልጆቼ ብዬ እንጂ በዚህ ዋጋ አልሰጥም ነበር» የምትል ሻጭ የለችም፤ ዘጠኝ ቁጥር ነው፣ ሀዘኔታ መቀስቀስ። «ሰው ሁሉ ይሄንን ነው የሚወስደው» ማለት ሰባት ቁጥር ነው፣ ብዙኃንን ምስክር ማድረግ። ሽንኩርት የሚሸጠው በዝምታ ነው። ባልና ሚስትም ሳይቀሩ በየኔታ ፊት «እርስዎ» ይባባላሉ፤ አንዳንዶቹ ቤታቸው ከገቡ በኋላም ወደ «አንቺ» መመለስ አቅቷቸው እንደዚያው ቀርተዋል።

ስድቡ ግን አልጠፋም፣ አድራሻ ቀየረ። ሰውን መንካት አራት ቁጥር ሲሆን ክርክሩን መንካት ግን ይፈቀዳል። ስለዚህ በውሃ ሰዓት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ጀሪካን ይዘው የሚጣሉ ሰዎች «እርስዎ የተከበሩ ሰው ነዎት፤ ይሄ ክርክርዎ ግን አሳዳጊ የበደለው ነው» ሲባባሉ ይሰማል። «የእርስዎ መነሻ ሐሳብ እናትም አባትም የለው!» የኔታ ዝም ይላሉ። አረንጓዴው መብራት ይበራል።

በዓመት ሦስት ጊዜ የተያዘበት ሰው ስርዝ ይባላል። ዓመቱ እስኪሞላ በየኔታ ፊት የሚናገረው ነገር አይመዘገብም። አቤቱታ ያቀረበ ሰው ስርዝ ከሆነ ደግሞ አቤቱታው ለሁለት ዓመት ይዘጋል።

ውብአለም አቤቱታ አላት፤ ስንጥቁ። ሁለት ጊዜም ተይዞባታል። ጥቅምት ላይ «ልጄ እዚያ ግድግዳ ሥር ነው የምትተኛው» ብላ ዘጠኝ ቁጥር። ጥር ላይ «ሕንፃው ቢወድቅስ?» ብላ አሥራ አንድ ቁጥር፣ ፍርሃት መቀስቀስ። አንድ ቀርቷታል። የመጨረሻው ችሎት ዛሬ አራት ሰዓት ላይ ነው።

ቁርስ ላይ የጎረቤቷ የጋሽ ሽመክት ድምፅ ከኮሪደሩ ተሰማ። ጋሽ ሽመክት ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው። በወጣትነታቸው የታክሲ ረዳት ነበሩ፤ ረዳት የሚባል ሰው ከመጥፋቱ በፊት ከነበሩት ከመጨረሻዎቹ። በጥቅምቱ ችሎት ተነሥተው የብሎኩን ኢንጂነር «አንተ ደንቆሮ! ሌባ! ውሸታም!» አሉ። ሦስት ስድብ፣ ሦስት ጊዜ አራት ቁጥር። በአራት ሴኮንድ ስርዝ የሆነ ሰው ከእሳቸው በፊት እንዳልነበረ የበሩ ዘበኛ ይመሰክራል።

«ምን ልትያቸው ነው?» አሉ ወንበር ስበው ሲቀመጡ። እቤት ውስጥ የኔታ የሉም።

«ቁጥሮቹን አነብላቸዋለሁ።»

«መጋረጃውስ?»

ውብአለም ሻዩን ቀዳች።

የመጋረጃው ነገር እንዲህ ነው። የብሎኩን ደኅንነት በየዓመቱ እየፈተሸ የሚፈርመው ኢንጂነር ልዑልሰገድ የሚባል ሰው ነው። እናቱ እትዬ የሺመቤት እዚሁ ብሎክ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ይኖራሉ፤ ይኖሩ ነበር። ጥር መጀመሪያ ላይ ኢንጂነሩ ራሱ ወደ ውብአለም መጥቶ አራት መጋረጃ አዘዘ። «ለእናቴ ነው» አለ። ልኩን በወረቀት ጽፎ ሰጣት፤ ቁመቱ ሁለት ሜትር ከአርባ። የብሎክ አሥራ አራት መስኮት አንድ ሜትር ከሃያ ነው። ሰባ አንዱም ቤት አንድ ዓይነት ነው፤ የግማሹን መጋረጃ የሰፋችው እሷ ናት። ምንም አላለችም፤ ልብስ ሰፊ የታዘዘችውን ነው የምትሰፋው። መጋረጃውን ከወሰደ በሳምንቱ እትዬ የሺመቤት ለጸበል ሄዱ ተባለ። እነሆ ሁለት ወር አልፏቸዋል።

«ንገሪያቸዋ!» አሉ ጋሽ ሽመክት። «እናቱን አውጥቶ እኛን ደህና ናችሁ ይለናል በያቸው!»

«አራት ቁጥር ነው፣ ጋሼ።»

«ውሸት ነው?»

«እውነት ነው። እውነት መሆኑ ቁጥሩን አይለውጠውም። መመሪያውን ሦስቴ አንብቤዋለሁ። የተናጋሪው ሥራ ከንግግሩ ጋር አለመግጠሙ ንግግሩን ሐሰት አያደርገውም ነው የሚለው።»

ጋሽ ሽመክት ሻዩን እፍ እያሉ አሰቡ። «እንዴ። ልክ ነው እንዴ?»

«ልክ ነው። እኔን ያቃጠለኝ ልክነቱ ነው።»

«በጓዳ ለሰው አልሞከርሽም?»

«ሞከርኩ። ለአራተኛ ፎቋ ለአልማዝ። ገና ‹ኢንጂነሩ እኮ› ከማለቴ ጆሮዋን ያዘች። ‹አራት ቁጥር እንዳታስይዢኝ፣ በልጆቼ!› አለችኝ። የሚሰማም አብሮ ይያዝበታል ብለው ያምናሉ።»

«ይያዝበታል?»

«እኔ እንጃ። ማንም ሞክሮት አያውቅም።»

ሶስና ዳቦዋን እየነከሰች ወደ መኝታ ቤቱ ግድግዳ ታያለች። ጋሽ ሽመክት ልጅቱን አዩ፣ ከዚያ ግድግዳውን አዩ፣ ከዚያ ስለ ሌላ ነገር የሚያወሩ ይመስል፦

«አንቺ ልጅ፣ ሰው ሲገባ የኔታ የሚተኙት ለስንት ሴኮንድ ነው?» አሉ።

«ዘጠና።»

«በቂ ነው» ብለው ሻዩን ጠጡ።

ይህ የዘጠና ሴኮንድ ነገር የደንብ ማሻሻያ ነው። በመጀመሪያው ዓመት የኔታ ሰላምታንም ያርሙ ነበር። «እንዴት አደሩ?» ተብሎ «እግዚአብሔር ይመስገን» ያለ ሁሉ ሁለት ቁጥር ተያዘበት፤ ጥያቄው አልተመለሰማ። በሦስት ሳምንት ውስጥ ግማሹ ከተማ ስርዝ ሆነ፤ ደንቡን ያወጡት ሰዎች ራሳቸው ቢሮ ሲገቡ ተያዘባቸው። ስለዚህ አራት ነገር ከእርማት ውጭ ሆነ፤ ለቅሶ፣ ምርቃት፣ ሰላምታና ጥየቃ። ሰው ሲገባ አረንጓዴው መብራት ለዘጠና ሴኮንድ ይጠፋል። ሲበራ ክርክሩ ካቆመበት ይቀጥላል። በመካከሉ የተባለው እንዳልተባለ ነው።

አዳራሹ ምድር ቤት ነው። ሰዉ ከአራት ሰዓት በፊት ሞላ፤ ልጆችም አሉ፣ ሶስና ከእናቷ ጎን ተቀምጣለች። ማንም ጣሪያውን አያይም። ጣሪያ ማየት ቁጥር የለውም፣ ግን አያዩም።

ኢንጂነር ልዑልሰገድ ፊት ለፊት ተቀምጧል። አርባዎቹ ውስጥ ያለ፣ ከረቫቱን ዛሬ ያጠበቀ ሰው ነው። ከፊቱ ያለውን ውሃ ጠጥቶ አጠገቡ የተቀመጠውን ሰው ውሃም ጠጣ። ከዚያ አነበበ። «የስንጥቁ ስፋት አሥራ አንድ ሚሊሜትር ነው። የሚፈቀደው ጣሪያ አሥራ አምስት ነው። አሥራ አንድ ከአሥራ አምስት ያንሳል። ስለዚህ ሕንፃው ከሚፈቀደው ወሰን አላለፈም።»

የኔታ ዝም አሉ። ምን ይበሉ? ያንሳል።

ውብአለም ተነሣች። ከግድግዳው የገለበጠችውን ወረቀት አነበበች፤ መስከረም አራት፣ ኅዳር አምስት ተኩል፣ ጥር ሰባት፣ የካቲት ዘጠኝ፣ መጋቢት አሥራ አንድ። «ከጥር ወዲህ ፍጥነቱ ጨምሯል። በዚህ ከቀጠለ እስከ ሰኔ...»

«ማስጠንቀቂያ» አሉ የኔታ፤ ድምፃቸው እንደ ሁልጊዜው የደከመው መምህር ድምፅ ነው። «ካለፈው ወደፊት መዝለል። ይቀጥላል ለማለት ማስረጃ ያቅርቡ።»

«ማስረጃውማ የሚመጣው ሰኔ ላይ ነው» አለች።

ከኋላ አንድ ሰው ሊስቅ ብሎ አሳለው። የኔታ ትንሽ ዘገዩ። ሦስተኛው ይሆን?

«ለክርክሩ አስተዋጽኦ የለውም። አልተያዘም» አሉ የኔታ። «ሌላ ነጥብ?»

ኢንጂነሩን አየችው። እሱ ወረቀቱን ያያል። አፏ ውስጥ ያለው ዓረፍተ ነገር አምስት ቃል ብቻ ነው፤ እናትዎን ለምን ከዚህ ሕንፃ አወጧቸው? አምስት ቃል፣ አራት ቁጥር፣ ሁለት ዓመት። በሁለት ዓመት ሶስና አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ይሄም አሥራ አንድ።

«ሌላ ነጥብ ከሌለ ወደ ውሳኔ...»

በሩ ተንሿጠጠ። ጋሽ ሽመክት ነጠላቸውን መስቀለኛ አጣፍተው ገቡ።

አዳራሹ በሙሉ ከወንበሩ ብድግ አለ። «ኖር!»

«በእግዚአብሔር! ኧረ አትነሡ፣ በሞቴ ተቀመጡ!»

አረንጓዴው መብራት ጠፋ።

ጋሽ ሽመክት ከበሩ ጀምረው ሰውን አንድ በአንድ ይጨብጡ ጀመር። ስርዝ ሰው ሰላምታ አልተከለከለም። እያንዳንዱን በስሙ፣ ከነልጆቹ ይጠይቃሉ። አንድ ጊዜ ብቻ ቀና ብለው ውብአለምን አዩዋት። ያኔ ገባት።

ወደ ኢንጂነሩ ዞራ ጎንበስ አለች። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ኢንጂነር። ስገባ እናትዎን ሳልጠይቅ። እትዬ የሺመቤት ደህና ናቸው?»

«ደህና ነች፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አለ እንደ ልማዱ።

«ጸበሉ ተስማማቸው?»

«ተስማማት። በጣም።»

«ተመስገን። መጋረጃውስ ልክ መጣ?»

ሰውዬው እጁን ወደ ብርጭቆው ሰደደ፤ ባዶ ነው። አዳራሹ ውስጥ የጋሽ ሽመክት «ልጆቹስ? ትንሿስ?» ብቻ ይሰማል። የሰውን ሰላምታ አለመመለስ ቁጥር የለውም፤ ቁጥር ሳያስፈልገው ነውር የሆነ ነገር ነውና።

«ልክ ነው» አለ ኢንጂነሩ ቀስ ብሎ።

«ሁለት ሜትር ከአርባ ነበር ያዘዙኝ፤ ረዝሞ ወለል እንዳይጠርግ ፈርቼ እኮ ነው።»

«አልረዘመም።»

አልማዝ ከሦስተኛው ረድፍ ወደ አዳራሹ መስኮት ዞረች። ባሏም ዞረ። ከዚያ አንድ በአንድ ሁሉም ዞሩ፤ በየቤታቸው ስንት ሜትር ጨርቅ እንደገዙ እያስታወሱ። አንድ ሜትር ከሃያ።

«ትልቅ መስኮት ጥሩ ነው፣ ለሽማግሌ ፀሐይ ያስፈልጋል» አለች ውብአለም። «ደረጃ መውጣትም ከባድ ነበረባቸው። ምድር ቤት ነው አይደል?»

«ምድር ቤት ነው።»

«ግቢ አለው?»

«ትንሽ ግቢ አለው።»

መብራቱ በራ። «ክርክሩ ይቀጥላል» አሉ የኔታ።

ጋሽ ሽመክት አምስተኛው ረድፍ ላይ ቆመው ራሳቸውን መቱ። ምርኩዛቸውን ውጭ የረሱ ሰው ሆነው ወጡ። ምርኩዝ የላቸውም። በሩን ዘግተው እስከ ሦስት የቆጠሩ ያህል ቆይተው ገቡ።

«ኖር!» አዳራሹ ብድግ አለ፤ ከመጀመሪያው ይልቅ ፈጥኖ።

«ኧረ በእግዚአብሔር!»

መብራቱ ጠፋ።

«እሑድ ሄጄ ልጠይቃቸው ፈልጌ ነበር» አለች ውብአለም። «ሰፈሩ የት ነው?»

ኢንጂነሩ ቀና አለ። ዓይኑ ቀልቷል። ለመጀመሪያ ጊዜ እሷን ሳይሆን ከጎኗ የተቀመጠችውን ልጅ አየ። እናቱን መጠየቅ የፈለገን ሰው አድራሻ የሚከለክል ልጅ ምን ዓይነት ልጅ ነው? «መድኃኔዓለም ጀርባ» አለ። ከዚያ ማንም ሳይጠይቀው ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ከኋላ ላሉትም እንዲሰማ፣ «አረንጓዴ በር ነው። ሁልጊዜ ክፍት ነው» አለ።

መብራቱ በራ። የኔታ ሌላ ነጥብ እንዳለ ጠየቁ። ውብአለም ጨርሻለሁ አለች። ውሳኔው ተነበበ፤ አቤቱታው ውድቅ፣ ሕንፃው ለመኖሪያ ብቁ። ማንም አልጮኸም። ሰዉ «እናመሰግናለን» ብሎ ተነሣ፣ ደረጃውን ወጣ፣ ከእያንዳንዱ ቤት የሚጎተት ዕቃ ድምፅ ተሰማ።

ችግሩ በሩ ላይ ነበር። ከግቢው ዕቃ ለማውጣት ምክንያት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱን የሚመዝኑት የበሩ የኔታ ናቸው። መጀመሪያ የደረሱት አልማዝና ባሏ ናቸው፤ ፍራሽ ተሸክመዋል።

«ምክንያት?»

«ስለ ፈራን» አለች አልማዝ።

«አሥራ አንድ ቁጥር። ፍርሃት ምክንያት አይደለም። ይመለሱ።»

«ሰው ሁሉ እየወጣ ስለሆነ» አለ ባሏ።

«ሰባት ቁጥር። ይመለሱ።»

ሰልፉ ከኋላቸው እስከ ሁለተኛ ፎቅ ደርሷል። ሰው ስንጥቅ ባለበት ሕንፃ ውስጥ ቆሞ ሲጠብቅ እንዴት እንደሚተነፍስ ያን ቀን ታወቀ፤ በአፍንጫ፣ በቀስታ፣ ግድግዳ እንዳይሰማ።

ውብአለም ሶስናን በአንድ እጇ ይዛ፣ የልብስ ስፌት መኪናዋን በጋሪ እየገፋች ወደ ፊት አለፈች።

«ምክንያት?»

«ጥየቃ።»

የኔታ ትንሽ ዘገዩ። «ማንን?»

«እትዬ የሺመቤትን። ሁለተኛ ፎቅ የነበሩትን። አሟቸዋል፣ ጸበል ላይ ናቸው።»

«ዕቃው?»

«ባዶ እጄን ልሂድ እንዴ?»

አረንጓዴው መብራት ጠፋ። በሩ ተከፈተ።

ከኋላዋ የነበሩት ሰሙ። በዚያ ከሰዓት የብሎክ አሥራ አራት የመውጫ መዝገብ ላይ ከተጻፉት ምክንያቶች ሃምሳ ሁለቱ አንድ ናቸው፤ እትዬ የሺመቤትን ለመጠየቅ። ከነፍራሽ፣ ከነቁም ሣጥን፣ ከነምድጃ። አንዱ ቤተሰብ የመጸዳጃ ቤት በር ይዞ ነው የሄደው፤ አልተጠየቀም። ጋሽ ሽመክት ስርዝ ስለሆኑ ምክንያታቸው አይመዘገብም፤ ስለዚህ ዕቃ ማውጣት አልቻሉም። አንዲት በርጩማ ነበረቻቸው። ውብአለም አስቀድማ ጋሪዋ ላይ ጭናላቸው ነበር። እሳቸው እጃቸውን ኪሳቸው ከተው፣ ለየኔታ ጎንበስ ብለው ሰላም ብለው ወጡ።

አሥራ ሰባት ቤት አልወጣም። ውሳኔውን ያምናሉ። አሥራ አንድ ከአሥራ አምስት ያንሳል። ይህ እስከሚጻፍበት ቀን ብሎክ አሥራ አራት ቆሟል፤ የኢንጂነሩ መሥሪያ ቤትም በየጠዋቱ ሕንፃው የቆመበትን አንድ ቀን በማስረጃነት ይጨምራል። የውብአለምን ግድግዳ ግን የሚለካው የለም።

አረንጓዴው በር እንደተባለው ክፍት ነበር። ግቢው ትንሽ ነው፤ እነ ውብአለም ጋሪውን እየገፉ እስኪደርሱ አልማዝና ባሏ ቀድመው ፍራሻቸውን አጥሩ ሥር ዘርግተዋል፤ ሌሎችም እየገቡ ነው። በትልቁ መስኮት በኩል የራሷን መጋረጃ አየችው፤ እጥፋቱ ልክ ነው፣ ወለል አይጠርግም። መጋረጃው ተገለጠ። እትዬ የሺመቤት ብቅ አሉ። ቀጭን ሴት ናቸው፣ አሟቸው አያውቅም። ግቢያቸውን የሞላውን ሰውና ዕቃ ለረጅም ጊዜ አዩ።

«ልጠይቅዎት መጥቼ ነው» አለች ውብአለም፤ ሌላ የምትለው አጥታ።

«እንኳን ደህና መጣሽ» አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፦ «ብሎኩ እንዴት ነው?»

«ደህና ነው ተብሏል።»

«ማን አለ?»

ውብአለም መልስ አልሰጠችም። ሁለት ቁጥር ነው፤ ግን እዚህ የሚይዘው የለም። አሮጊቷም መልሱን አልጠበቁም፤ ዓይናቸውን ሰብረው ከበሩ ገለል አሉ። «ግቡ፣ ግቡ። ልጅቷን ብርድ መታት።»

ሶስና ቀድማ ገባች። ቁጭ በይ ተባለች፣ አልተቀመጠችም። የእናቷን ሜትር ከአንገቷ ሳብ አድርጋ ወሰደችና ወደ መስኮቱ ጥግ ሄደች። ግድግዳውን በመዳፏ ከላይ እስከ ታች ዳበሰችው፤ ለስላሳ ነበር። እንደገና ዳበሰችው።

«ሶስና! ነውር ነው፣ የሰው ቤት!» አለች ውብአለም።

«ተያት፣ ልጄ» አሉ እትዬ የሺመቤት። «እኔም የመጣሁ ዕለት እንደሱ ነው ያደረግሁት።»